ከ1 በመቶው በታች ያሉት መስመሮች፦ የቤል ከተማ የንብረት ታክስና በጀት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

ቤል ከሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስፋቷ 6.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2010 ቆጠራ 35,477 ሰው ይኖርባት ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።) አብዛኛው ነዋሪ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ወይም ከዚያ የመጣ ሰው ልጅ ነው። የሊባኖስ ተወላጆችም አሉባት። ገቢው ዝቅ ያለ ነው። ከባለቤት ይልቅ ተከራይ ይበዛል።

በዚያው ዓመት ቤል ውስጥ በ400,000 ዶላር የተገመተ ቤት ያለው ሰው በዓመት ወደ 6,200 ዶላር የንብረት ታክስ ይከፍል ነበር። በዚያው ዋጋ የተገመተ ቤት ማሊቡ ውስጥ፣ ማለትም የፊልም ተዋንያን ሰፈር ውስጥ ቢሆን የሚከፈለው 4,400 ዶላር ነው። የቤል ምጣኔ 1.55 በመቶ፣ የማሊቡ 1.10 በመቶ ነበር። የድሃዋ ከተማ ሰው ከሀብታሞቹ ሰፈር አንድ ሦስተኛ በላይ ጨምሮ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

የቤል ታሪክ ሲወራ ሰው የሚያስታውሰው የባለሥልጣናቱን ደመወዝ ነው። ደመወዙ በእርግጥ ጉድ ነው፤ እመለስበታለሁ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ገንዘቡ የተሰበሰበበት መንገድ ነው። ታክሱ ተደብቆ አልተጨመረም። በየዓመቱ በየቤቱ በሚደርሰው ቢል ላይ ተጽፎ ነበር።

ከተማው ምን ይወስናል፣ ምን አይወስንም

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተማ የንብረት ታክስን እንዳሻው አያወጣም። በ1978 ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 ዋናውን ታክስ 1 በመቶ ላይ ቆልፎታል። ቤቱ ካልተሸጠ ወይም አዲስ ግንባታ ካልተጨመረበት የታክስ ግምቱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አይጨምርም። ግምቱን የሚያወጣው ካውንቲው፣ ማለትም ከከተማው በላይ ያለው የአካባቢ አስተዳደር ነው። ቢሉን የሚልከውም፣ ገንዘቡን የሚሰበስበውም እሱ ነው። ያቺን 1 በመቶ ደግሞ ትምህርት ቤቶች፣ ካውንቲውና ሌሎችም ይካፈሏታል። ለከተማው የሚደርሰው ከእሷ ላይ ቁራጭ ነው።

ታዲያ ለከተማው ምን ቀረለት? ከ1 በመቶው በታች ያሉት መስመሮች። አንደኛው ሕዝብ በድምፅ ላጸደቀው የቦንድ ዕዳ የሚከፈለው ነው። ሁለተኛው የሠራተኞች ጡረታ ታክስ ሲሆን፣ ይህን መጣል የሚችሉት ከ1978 በፊት ሕዝባቸው ያጸደቀላቸው ከተሞች ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ለመንገድ መብራት፣ ለፍሳሽና ለመሳሰሉት በዶላር የሚቆረጠው ክፍያ ነው። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ልጓም አላቸው። የጡረታው ምጣኔ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከነበረበት እንዳያልፍ ሕጉ ይከለክላል። የመብራቱን ዓይነት ክፍያ ለመጨመር ደግሞ፣ ከ1996ቱ ፕሮፖዚሽን 218 ወዲህ፣ የንብረት ባለቤቶችን መጠየቅ ግድ ነው።

የጊዜ ሰሌዳው እንዲህ ነው። የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምርና ጁን 30 ያልቃል። በጸደይ ወራት መምሪያዎቹ ጥያቄያቸውን ያቀርባሉ። የከተማው ሥራ አስኪያጅ ረቂቁን ያዘጋጃል። ምክር ቤቱ ብዙ ጊዜ ጁን ላይ ያጸድቀዋል። በበጋው የታክስ ምጣኔዎቹና ክፍያዎቹ በውሳኔ ጸድቀው ለካውንቲው ይላካሉ። ካውንቲው የተላከለትን ቁጥር ቢሉ ላይ ያሰፍራል፤ ቢሉ በመኸር ይደርሳል። የመጀመሪያው ክፍያ ዲሴምበር 10 ላይ፣ ሁለተኛው ኤፕሪል 10 ላይ ካልተከፈለ ቅጣት አለው።

ለበጀት ምሽቱ ብቻ ብቅ የሚል ነዋሪ የበጋውን ውሳኔ አያየውም። ቤል ውስጥ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ነው።

ችግሩ

የከተማው ሥራ አስኪያጅ በ1993 ሲቀጠር ደመወዙ 72,000 ዶላር ነበር። በ2010 መነሻ ደመወዙ ብቻ 787,637 ዶላር ደርሷል። ጥቅማ ጥቅሙ ሲታከልበት ወደ 1.5 ሚሊዮን ይጠጋል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ደመወዝ 400,000 ዶላር ነው። የሥራ አስኪያጁ ምክትል 376,288 ዶላር፣ የፖሊስ አዛዡ 457,000 ዶላር ያገኙ ነበር። ከአምስቱ የምክር ቤት አባላት አራቱ፣ ሥራው የትርፍ ሰዓት ሆኖ ሳለ፣ በዓመት 100,000 ዶላር ገደማ ይከፈላቸዋል። አንዱ ብቻ ከዚህ ውጭ ነበር።

ይህን የሚሸከም ገንዘብ ከየት ይመጣል? 1 በመቶውን መንካት አይቻልም። ስለዚህ እጅ የገባው ከታች ወዳሉት መስመሮች ነው።

ከ2007 ጀምሮ ምክር ቤቱ የጡረታ ታክሱን ደረጃ በደረጃ ከ0.19 በመቶ ገደማ ወደ 0.28 በመቶ ገደማ አሳደገው። ልዩነቱ 0.09 ነው፤ ለዓይን አይሞላም። በ400,000 ዶላር ቤት ላይ ሲሰላ ግን በዓመት ወደ 360 ዶላር ይመጣል። ጣሪያው ስለታለፈም ሕገወጥ ነው። የግዛቱ ዋና የሒሳብ ተቆጣጣሪ ሲያሰላው በዚህ መስመር ብቻ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ያላግባብ ተሰብስቦ ተገኘ። የፍሳሽና የመብራት ክፍያዎች፣ እንዲሁም የንግድ ፈቃድ ታክሱ ሲደመሩ ጠቅላላው 5.6 ሚሊዮን ገደማ ሆነ።

የቦንዱ መስመር ይብሳል። በ2003 ነዋሪው የ70 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በድምፁ አጸደቀ። ከዚያ ውስጥ 50 ሚሊዮኑ ተበደረ። ትልቁ ተስፋ የስፖርት ማዕከል ነበር። የግዛቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሲያይ 23.5 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በማያስገኝ የቼኪንግ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጧል። ማዕከሉ ይሠራበታል የተባለው ቦታ ባዶ አፈር ነው። የቤት ባለቤቱ ግን የቦንዱን ዕዳ ከነወለዱ በየዓመቱ በቢሉ ላይ ይከፍላል። ባንክ ውስጥ ለተኛ ብር ወለድ ይገፈግፋል ማለት ነው።

እንዴት ሳይታይ ቆየ

መነሻው ኖቬምበር 29 ቀን 2005 የተደረገ ልዩ ምርጫ ነው። ከተማዋ በራሷ ቻርተር፣ ማለትም በራሷ መተዳደሪያ ሕግ ትተዳደር ወይስ አትተዳደር የሚል ጥያቄ ብቻውን ለድምፅ ቀረበ። ሌላ የሚመረጥ ነገር ስላልነበረ ማንም ልብ አላለውም። ድምፅ የሰጠው ሰው 400 እንኳ አልሞላም። በድምፅ መስጫው ላይ ስለ ደመወዝ የተጻፈ ነገር የለም። በዚያው ዓመት ግን የግዛቱ ሕግ የምክር ቤት አባላትን ክፍያ ገድቦ ነበር፤ ገደቡ ቻርተር ያላቸውን ከተሞች አይመለከትም። ቻርተሩ ሲጸድቅ ልጓሙ ወለቀ።

ሁለተኛው ዘዴ ክፍያውን መበተን ነው። የምክር ቤት አባላቱ የቤቶች ባለሥልጣን፣ የደረቅ ቆሻሻ ባለሥልጣን፣ የፋይናንስ ባለሥልጣን በሚባሉ ቦርዶችም አባል ነበሩ። በየቦርዱ ይከፈላቸዋል። ከእነዚህ ስብሰባዎች አንዳንዶቹ የቆዩት ለደቂቃ ያህል መሆኑ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቧል። የሥራ አስኪያጁም ክፍያ በተለያዩ ውሎች ተከፋፍሎ ነበር። አንዱን ውል ብቻ ያየ ሰው ድምሩን አያገኘውም።

ጥያቄ ያነሣ ሰው አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። በ2008 አንድ ነዋሪ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዶ የባለሥልጣናቱን ደመወዝ በጽሑፍ ጠየቀ። ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቱ ሥራ አስኪያጁ በወር 15,478 ዶላር፣ የምክር ቤት አባል በወር 673 ዶላር እንደሚያገኝ ይናገራል። ቁጥሩ እስከ አንድ ዶላር ድረስ ተሰልቷል፤ ክብ እንኳ አይደለም። ሰውየው ምን ብሎ ይጠርጥር? ወረቀቱ ሐሰት ነበር።

የውጭ ኦዲተርም ነበረ። በየዓመቱ መጥቶ ሒሳቡን አይቶ፣ ደህና ነው ብሎ ይፈርማል። ኋላ የግዛቱ ተቆጣጣሪ የኦዲተሩን ሥራ ራሱን ሲመረምር እንደ ማኅተም መምቻ ብቻ ያገለግል እንደነበር ጻፈ። ካውንቲው ደግሞ የተላከለትን ምጣኔ ቢሉ ላይ አስፍሮ ሥራውን ቀጥሏል። የከተማዋን ምክር ቤት ዘወትር የሚከታተል ጋዜጠኛም አልነበረም።

እንዴት ወጣ

በጎረቤት ከተማ በኩል ወጣ። ሜይዉድ የምትባለው አጠገብ ያለች ከተማ በ2010 ገንዘብ አልቆባት ሠራተኞቿን በሙሉ ልታሰናብት፣ አገልግሎቷንም ለቤል በኮንትራት ልትሰጥ ወሰነች። የሎስ አንጀለስ ታይምስ ሁለት ጋዜጠኞች ይህን ሲከታተሉ፣ ዐቃቤ ሕግ የቤልን የምክር ቤት አባላት ደመወዝ እያየ መሆኑን ሰሙ። በመረጃ ነፃነት ሕጉ መሠረት ውሎቹን ጠየቁ። ሕጉ ከተማው በ10 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። መጨረሻ ላይ ሥራ አስኪያጁ አንድ መናፈሻ ውስጥ ባለ የስብሰባ ክፍል አገኛቸውና ቁጥሩን ራሱ ነገራቸው። ዘገባው ጁላይ 15 ቀን 2010 ወጣ።

በ2008 የጠየቀው ነዋሪና በ2010 የጠየቁት ጋዜጠኞች ልዩነታቸው ምንድን ነው? ነዋሪው የጠየቀው ቁጥር ነው፤ ቁጥር ተጻፈለት። ጋዜጠኞቹ የጠየቁት የተፈረመውን ውል ነው። ከኋላቸው ጋዜጣና ጠበቃ መኖሩም እንደረዳቸው አይካድም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ነዋሪው ወጣ። የምክር ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጁ፣ ምክትሉና የፖሊስ አዛዡ ለቀቁ። የምክር ቤት አባላቱ ደመወዛቸውን በ90 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ሕዝቡ ግን በዚህ አልበረደም።

የግዛቱ ተቆጣጣሪ የታክሱን መስመሮች አንድ በአንድ መረመረ። እዚህ ላይ ያልተጠበቀ እንቅፋት ገጠመ። በነበረው ሕግ ከጣሪያው በላይ የተሰበሰበ ታክስ የሚሄደው ወደ ትምህርት ቤቶች እንጂ ወደ ከፋዩ አልነበረም። ለቤል የሚሆን ልዩ ሕግ በግዛቱ ምክር ቤት ወጥቶ፣ አገረ ገዥው ፈርሞበት ነው ገንዘቡ ለንብረት ባለቤቶች እንዲመለስ የተደረገው።

ሴፕቴምበር 21 ቀን 2010 በሥልጣን ላይ የነበሩና የቀድሞ ስምንት ባለሥልጣናት ታሰሩ። ማርች 2011 በተደረገው ምርጫ አምስቱም የምክር ቤት ወንበሮች በአዲስ ሰዎች ተያዙ። ከምክር ቤት አባላቱና ከቀድሞዎቹ መካከል አምስቱ በ2013 ጥፋተኛ ተባሉ፤ አንዱ ነፃ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ በ2014 በ12 ዓመት እስራት ተቀጣ። 8.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማም እንዲመልስ ታዘዘ። ምክትሉም 11 ዓመት ከ8 ወር ተፈረደባት።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉም በላይ የሠራው የመስመር በመስመር ምርመራው ነው። ጠቅላላ ቢሉን ይዞ “በዛብን” ማለት የትም አያደርስም፤ ካውንቲው ወደ ከተማው፣ ከተማው ወደ ግዛቱ ይጠቁማል። “ይቺ የጡረታ መስመር በየትኛው ውሳኔ፣ ከስንት ወደ ስንት አደገች? ሕጉ የሚፈቅደው ስንት ነው?” ሲባል ግን የሚመልሰው አንድ አካል ብቻ ነው።

የደመወዝ መረጃ በይፋ መውጣቱም ሠርቷል። ከቤል በኋላ የካሊፎርኒያ ተቆጣጣሪ ከተሞችና ካውንቲዎች የሚከፍሉትን ደመወዝ ሰብስቦ በድረ ገጽ ማውጣት ጀመረ። ዛሬ አንድ ነዋሪ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ወረቀት መለመን የለበትም።

ያልሠራው ብዙ ነው። ተመላሹ የደረሰው ባለቤቶቹን ነው። ቤል ውስጥ ግን የሚበዛው ተከራይ ነው። አከራይ ታክስ ሲጨምርበት ኪራዩ ውስጥ ይከተዋል። ሲመለስለት ለተከራዩ ያካፍላል? አይመስለኝም። የተጨመረውን ታክስ ከኪሳቸው የከፈሉ ሰዎች ከተመላሹ አንዲት ሳንቲም ላያዩ ይችላሉ።

ምርጫው ሰዎቹን አስወገደ እንጂ ዕዳውን አላስወገደም። የቦንዱ መስመር ቢሉ ላይ ቀረ። አዲሱ ምክር ቤት የተረከበው ጉድለት ያለበት በጀትና የጠበቃ ወጪ ነው። ለተወሰነ ጊዜ ከተማዋን የመራው ከሌላ ከተማ በጡረታ የወጣ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ያለ ክፍያ። ከዚያ ሁሉ ደመወዝ በኋላ ሥራውን በነፃ የሚሠራ ሰው መገኘቱ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

የታክሱ ጣሪያም ራሱን አላስከበረም። ሕጉ ከሃያ ዓመት በላይ መጽሐፍ ላይ ነበር። ከተማው የላከውን ምጣኔ ከጣሪያው ጋር አስተያይቶ “ቆይ” ያለ ሰው አልነበረም።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

አሜሪካ ውስጥ ቤት ያለን ብዙዎቻችን ታክሱን የምንከፍለው በኤስክሮ ነው። ባንኩ ከወር ክፍያችን ጋር ይወስድና እሱ ይከፍላል። የሚደርሰን “ወርኃዊ ክፍያዎ ጨምሯል” የሚል ደብዳቤ ነው። ይሄኔ ሰው ባንኩ ላይ ይናደዳል። ባንኩ ምንም አላደረገም። የቢሉ ቅጂ በካውንቲው ድረ ገጽ ላይ በቤት አድራሻ ይገኛል። ያለፈውንና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አድርጎ የትኛው መስመር እንደተለወጠ ማየት ነው። ግምቱ ከሆነ የጨመረው፣ ጉዳዩ ከገማቹ ጋር ነው፤ የይግባኝ ቀነ ገደብም አለው። ምጣኔው ከሆነ፣ ጉዳዩ ከምክር ቤቱ ጋር ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ሰውን በከንቱ ያመላልሳል።

ምጣኔን በራሱ አይቶ ትልቅ ነው ትንሽ ነው ማለት ይከብዳል። የጎረቤት ከተማን ምጣኔ በራስ ቤት ግምት ላይ ማስላት ይሻላል። የቤልና የማሊቡ ንጽጽር ሰውን የቀሰቀሰው በዶላር ስለቀረበ ነው። 0.45 በመቶ ቢባል ማን ዞር ብሎ ያይ ነበር? 1,800 ዶላር ሲባል ግን ሁሉም ቀና አለ።

መረጃ የሚጠይቅ ሰው የተፈረመውን ሰነድ ይጠይቅ። ውል፣ የምክር ቤት ውሳኔ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ። ተጠቃሎ የተጻፈ ደብዳቤ ቢሰጠው ያመስግን፣ ሰነዱንም ይጠብቅ። ስለ ደመወዝ ከሆነ ሰውየው የተቀመጠባቸውን ቦርዶች ሁሉ ይጨምር። ስለ ቦንድ ከሆነ፣ ስንት ተበደርን ብቻ ሳይሆን ያልወጣው ብር የት ተቀምጧል ብሎ ይጠይቅ።

ስብሰባ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ደግሞ አጀንዳውን ቀድሞ ያንብብ። በብዙ ከተሞች ቀላል የተባሉ ጉዳዮች በአንድ ላይ ታስረው በአንድ ድምፅ ያልፋሉ። የታክስ ምጣኔ ውሳኔም እዚያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አንዱ አባል ይውጣልን ካላለ በቀር ማንም ሳይወያይበት ያልቃል።

የጊዜ ሰሌዳው በየግዛቱ ይለያያል። ለምሳሌ ሚኒሶታ ውስጥ፣ የሐበሻ ሰው በብዛት ባለበት፣ ከተማው የሚሰበስበውን ጠቅላላ የንብረት ታክስ መጠን ሴፕቴምበር ላይ በጊዜያዊነት ያጸድቃል። ኖቬምበር ላይ ለእያንዳንዱ ባለቤት የግል ማስታወቂያ በፖስታ ይመጣል። በዚያ ወር መጨረሻ ወይም ዲሴምበር ላይ፣ ሠራተኛ እንዲደርስ ተብሎ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በሚደረግ ስብሰባ ሕዝቡ አስተያየት ይሰጣል። ከቤል ጋር ሲተያይ ጥሩ አሠራር ነው፤ ሰው ከመክፈሉ በፊት ቁጥሩን ያያል። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፦ የመጨረሻው መጠን ከሴፕቴምበሩ ሊያንስ ይችላል እንጂ ሊበልጥ አይችልም። ጣሪያው የሚቆረጠው ማስታወቂያው ከመድረሱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። ስለ ጣሪያው ሐሳብ ያለው ሰው መሄድ ያለበት በበጋው መጨረሻ፣ አዳራሹ ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው።

አገር ቤትም የንብረት ታክስ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። በጣሪያና ግድግዳ ግብር ለኖረ ሰው ቢሉ አዲስ መልክ ይዞ ይመጣል። ያኔ መጀመሪያ የሚጠየቀው ግምቱን ማን አወጣው፣ ምጣኔውን ማን ወሰነው፣ የሁለቱስ ውሳኔ የት ተጽፎ ይገኛል የሚለው ነው።